ተኝቶ ያቋረጠው አገር

ዘዋሪው ያንን ሰፊ አገር ከዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ የጠየቀው ሰው ካለ «ፀጉሬን ቁጠር» ነበር መልሱ። ራሱ መላጣ ነው። ጠያቂው ይስቅና ነገሩ በዚያው ያልፋል። ዘዋሪው ለማንም ያልነገረው ነገር ግን አለ። ከዚያ አገር ያየው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ያቋረጠው ተኝቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሳቢ ለሚጎትት ትልቅ መኪና ሁለት ሾፌር ይመደብለታል፤ መንገዱ በአንድ ሰው አያልቅማ። አገሩ ሰፊ ነው ሲባል ዝም ብሎ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ከሩቅ አንዲት ዛፍ ትታያለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ይደረሳል፤ ሲደረስ ደግሞ ዛፍ አይደለችም፣ የመብራት እንጨት ነች።

ዘዋሪው ከወደቡ ተነስቶ እስከ ትልቁ ድልድይ ይነዳል። ድልድዩ ጋ ይወርዳል፤ መሪውን ረጅሙ ይረከበዋል። ረጅሙ ማለት ባልደረባው ነው። ቁመቱ ከመኪናው ጎማ እምብዛም አይበልጥም፤ ስሙን ያወጡለት ጫኝና አውራጆች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሰው አይምሩም። ረጅሙ ሲነዳ ዘዋሪው ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ አልጋ ላይ ይወጣና መጋረጃዋን ይስባል። ማዕድን ማውጫው ከተማ፣ መጋዘኑ በር ላይ ይነሳል። ጭነቱ ይራገፋል፤ እሱም ተመልሶ ይተኛል። ዓይኑን የሚገልጠው ድልድዩ ጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተራው የረጅሙ ነው፣ እስከ ወደቡ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢና ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አንዱ ሲነቃ አንዱ እየተኛ። ወሬያቸው ድልድዩ ላይ የምትደረገው ብቻ ነበረች።

«ፍሬኑ ትንሽ ይስባል፣ ተጠንቀቅ።»

«እሺ።»

«ሻይ ፔርሙዙ ውስጥ አለ።»

«እሺ። ደህና እደር።»

«ደህና ዋል።»

እንዲህ ያለ ትዳርም ሞልቷል፤ እዚያ ግን ቢያንስ ልጅ ይወለዳል።

ዘዋሪው ከመኪናው ሌላ የነበረው ወደቡ አጠገብ የተከራያት አንዲት ክፍል ነች። ሁለት ወንበር አላት። አንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ ካፖርቱ። ከሰው ያለው ደግሞ ታላቅ እህቱ ነች፤ እሷም ያለችው በተወለደበት ቀዬ፣ እጅግ ሩቅ ነው። በሳምንት አንዴ ትደውልለታለች። ስልኩን ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ከፍ ታደርገውና «እስቲ አገሩን አጫውተን» ትለዋለች።

ዘዋሪው ያየውን ግማሽ አወራ፣ አወራ፣ አለቀበት። ሜዳ እስከ መቼ ይወራል? ጎረቤቶቹ ማዛጋት ጀመሩ፤ ማዛጋታቸው በስልክ ይሰማል። ታዲያ ምን ያድርግ፣ ወዳላየው ግማሽ ተሻገረ። አልጋው ላይ ሆኖ በእንቅልፍ ልቡ የሚሰማት አንዲት «ሽሽሽ» የምትል ድምፅ ነበረች። ባሕር አደረጋት። ሲጥ ሲጥ የሚል ነገርም ይሰማው ነበር፤ እሱን ደግሞ ወፍ አደረገው፣ ቀይ እግር ያለው። መኪናው የሚንገጫገጭበትን ቦታ ተራራ አለው። በወገቡ ያወቀውን አገር በአፉ ሠራው። እህቱም «ወንድሜ ያላየው የለም» እያለች ሰፈሩን አስቀናችበት።

አንድ ቀን ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ረጅሙ ከአልጋው አልወርድ አለ። መጋረጃውን ቢገልጠው ሰውየው ተጨማዶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጥርሱን ነክሷል። ወገቡ ነው። ዘዋሪው ተሸክሞ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ከተማ ሆስፒታል ወሰደው፤ ለመሸከም እንኳ ረጅሙ ምቹ ነበር። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና ቁርጡን ነገረው። ከእንግዲህ መሪ አይነካም፤ የሚደግፈው ሰውም ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ ሲወጣ ረጅሙ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ስማ» አለ። «ከድልድዩ ወዲያ፣ ሜዳው መሀል፣ አንዲት ጎሚስታ አለች።»

«ሴት ጎሚስታ?»

«ምነው፣ ጎማ መለጠፍ ጺም ይጠይቃል?»

«አላልኩም። እሺ፣ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። አንድ ነገር ጠይቅልኝ።» ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ጎማ ባይተነፍስብኝም ብመጣ ይሆናል ወይ በላት። እሷ ይገባታል።»

ዘዋሪው ቆይቶ ገባው። «አንተ! በዚህ ወገብህ?»

«ወገቤን ማን ጠየቀህ? መልእክቱን አድርስ።»

«እምቢ ካለችስ?»

«እምቢ ካለች ካንተ ሌላ ማን አለኝ? ወደቡ ጋ ያለችው ክፍልህ ሁለት ሰው ትይዛለች ብለኸኝ የለ?»

ብሎት ነበር። ድልድዩ ላይ አንድ ጊዜ ጣል አድርጓት ነበር፤ ረጅሙ ግን የሰማውም አልመሰለው። አሁን ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ ሲያነሳው ታየው። «መብራቱን አጥፋ»፣ «አላጠፋም» የሚባባለው ሰው ሲያገኝ ታየው። ለባልደረባው ደህና ሰንብት ብሎ ሲወጣ በልቡ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እምቢ እንድትል።

ድልድዩን እንደተሻገረ ሌላ ጣጣ መጣ። እንቅልፍ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ እሱም ጠግቦ ተኝቶ ነው የተነሳው። ሰውነቱ ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ ይተኛል። ዓይኑ እንደ ሱቅ በር ተከረቸመበት። ቆሞ ፊቱን ታጠበ። ዘፈነ። ራሱን በጥፊ መታ። መጨረሻ ላይ ዳር ይዞ አልጋው ላይ ወጣና ለጥ አለ። ነቅቶ ጥቂት ነዳ፣ ደግሞ ተኛ። ያንን አገር ሊያይ የሄደው እንዲህ በቁራጭ በቁራጭ ነው።

ያየውም ነገር ብዙ አይደለም። «ሽሽሽ» የምትለው ባሕር ደረቅ ሣር ነበረች፣ ንፋስ የሚያስተኛት፣ እስከ ሰማይ ጫፍ። ተራራውም የተሰባበረ አስፋልት ሆኖ ተገኘ። ወፉ አንድ ነዳጅ ማደያ በር ላይ የተንጠለጠለ ዝገት የበላው ታቤላ ነው። ዘዋሪው ታቤላውን ትንሽ ቆሞ አየው። እግሩ ቀይ አይደለም።

ነዳጅ ቀጂው በእግሩ ጣት እየተራመደ መጣና በሹክሹክታ «ረጅሙ የታል?» አለው።

ዘዋሪውም ሳያስበው በሹክሹክታ መለሰ። «አሞታል።»

«ውይ! ምነው?»

«ወገቡን። ቆይ፣ ለምንድነው የምናንሾካሹከው?»

ቀጂው በአገጩ ወደ መጋረጃው አመለከተ። «ሰው ተኝቷላ።»

«የተኛው እኔ ነኝ!»

ቀጂው አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሮ «ኧረ ኑ! እንቅልፋሙ ተነሳ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱም ወጣች፣ አማቱም ወጣች፤ ቆመው አዩት፤ እንደ ጨቅላ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያ መኪና ሲቆም መንደርተኛው ድምፁን ይቀንስ ነበር። ረጅሙ ነው እንዲያ ያስለመዳቸው። አማትየዋ እጁን ይዛ «ሲያንኮራፉ እሰማዎት ነበር» አለችው። ዘዋሪው ምን ብሎ ማመስገን እንዳለበት ግራ ገባው።

ጎሚስታዋ ቤት የደረሰው በማግስቱ ቀትር አልፎ ነው። ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ በሩ ላይ የጎማ ክምር። ከአንድ አውቶብስ ሥር የቱታ እግር ወጥቶ ይታያል።

«መጣህ?» አለች፣ ሳትወጣ። ሞተሩን በድምፁ ታውቀዋለች።

«እሱ አይደለም» አለ ዘዋሪው።

ተንሸራትታ ወጣች። ግንባሯ ላይ ግራሶ አለ፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ከእግሩ ጀምራ አየችው። «እንቅልፋሙ ነህ።»

«በምን አወቅሽኝ?»

«በእግርህ። ከመጋረጃው ሥር ሁሌ ይወጣል። ካልሲህን ስፋው።» ከዚያ በስተጀርባው ጋቢናውን አየች፤ ባዶ ነው። በእጇ የያዘችውን መፍቻ መሬት አስቀመጠች። «የታል?»

ነገራት። እንዳልሞተ አስቀድሞ ነገራት፣ ለዚያ ለዚያ ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ መልእክቱን ቃል በቃል አደረሰ። ሴትየዋ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ አንዴ የጠረገችውን ጣት ደግማ ጠረገች።

«የሱ ጎማ እኮ ተንፍሶ አያውቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ያ መታጠፊያ ይታይሃል? እዚያ ያቆመውና ይወርዳል። ቫልቩን በጥፍሩ ተጭኖ ራሱ ያስተነፍሰዋል። ከዚያ እየተንገዳገደ ይመጣና 'ዛሬም ይኸው፣ ይሄ መንገድ ጨረሰን' ይለኛል። እኔም እሞላለታለሁ። ሞልቼ ስጨርስ 'ውይ፣ የኋላውም' ይላል።»

«እና ዝም ትይዋለሽ?»

«ምን ልበለው? ባጋልጠው ይቀርብኛላ።»

ዘዋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ምን ብላለች ልበለው?»

«ና በለው። ከእንግዲህ ጎማ አይንካ ብላሃለች በለው።» ብላ አውቶብሱ ሥር ገባች። ከዚያ ሥር ሆና ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየለትም፤ እግሯ ብቻ ነው የሚታየው።

ጭነቱን ማዕድን ማውጫው አራግፎ በባዶ መኪና ተመለሰ። ባዶ ተሳቢ ያንኳኳል፤ ዘዋሪው ግን ድምፁን አሸንፎ ልምምድ ያዘ። «እምቢ አለች» አለ ጮክ ብሎ። «ምን ታደርገዋለህ፣ እምቢ አለች።» አንዴ በሐዘን፣ አንዴ በንዴት፣ አንዴ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ። አልከበደውም። ባሕር ለሠራ ሰው አንዲት «እምቢ» ምንድናት? ረጅሙ ይህን መንገድ ዳግም አይነዳው፤ እሷም ያንን ሜዳ ጥላ ፍለጋ አትመጣ። ማን ያውቃል?

በቤቷ ሲያልፍ በሩ ላይ የነበረውን የጎማ ክምር እየገፋች ወደ ጓሮ ታዞረዋለች። ከክምሩ ጀርባ አንድ መስኮት ተደብቆ ኖሯል፤ የሁለተኛው ክፍል መስኮት። ብርሃን ልታስገባ ነው። ጥሩምባ ነፋላትና ሳይቆም አለፈ።

ትንሽ ሄድ እንዳለ እህቱ ደወለች።

«ወንድሜ፣ ሰዉ ተሰብስቧል። ባሕሩ እንዴት ነው?»

«ደረቀ።»

«ምን? መቼ?»

«ትናንት።»

«ውይ በሞትኩት! ወፎቹስ?»

«እታለም፣ ታቤላ ነው።»

ጎረቤቶቹ ያን ቀን አላዛጉም። «ታመሃል እንዴ አንተ?» አለች በመጨረሻ። አልታመምኩም አላት።

ሆስፒታሉ ሲደርስ ረጅሙ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ተላጭቷል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ጫማውንም አድርጓል፤ በዚያ ወገብ ጎንበስ ብሎ እንዴት እንዳሰረው እሱና ግድግዳው ናቸው የሚያውቁት። ዘዋሪውን ሲያይ «ምን አለች?» አላለውም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «ግዴለም፣ ንገረኝ» አለ።

ዘዋሪው አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ የተለማመደው ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ና ብላሃለች» አለው። ቃሉ ሲወጣ አላማከረውም። «ጎማ ግን አትነካም።»

ረጅሙ መስኮቱን ማየቱን ቀጠለ፤ ጆሮው ብቻ ቀላ። «አውቃ ነበር ማለት ነው?» አለ። «አውቃ ነበር» አለ ዘዋሪው።

ድርጅቱ ደውሎ የት እንዳለ ሲጠይቀው ፍሬን እያሠራሁ ነው አለና ባዶውን መኪና ወደ መጣበት መለሰው። ረጅሙን አልጋው ላይ አስተኛው፤ ዓይኑን ግን አልከደነም። ከመጋረጃው ጀርባ ወሬ ጀመረ። ስለ ልጅነቱ አወራ፣ ስለ ሟች ሚስቱ አወራ፣ ከሁሉ የበለጠ ስለ ጎሚስታዋ አወራ፤ ክሪኩን እንዴት እንደምትይዘው ሳይቀር። ወሬ አያውቅም ሲባል የነበረው ሰው አፉ አልዘጋ አለ። ዘዋሪው ላይ ያን ቀን እንቅልፍ ዝር አላለበትም። እንደ ልቡ ቢሆንለት የጎሚስታዋን ቤት ወደፊት እየገፋ መንገዱን ባስረዘመው ነበር። ሰፊ የተባለው አገር ግን ያን ቀን አላግባብ አጠረ።

ሴትየዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ረጅሙን በአንድ በኩል እሷ፣ በአንድ በኩል ዘዋሪው ደግፈው አስገቡት። መስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን ፍራሹ ላይ ተኝቷል። ረጅሙ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎም አያት።

«እደር እንጂ» አለችው ለዘዋሪው። «ቦታ አለ።»

«እደር» አለ ረጅሙም። እውነቱን ነው፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው።

«አይ፣ ልሂድ። ጭነት አለብኝ» አለ ዘዋሪው።

ተከትላው ወጣች። ብረቷን አነሳችና ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየዞረች መታች፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ እየሰማች። ጭነት ያለበት ጎማ ከሥሩ ይጨፈለቃል፤ እነዚህ እንደ አዲስ ሳንቲም ክብ ብለው ቆመዋል። ማንም ባያውቅ እሷ ታውቃለች። የመጨረሻውን መታችና ቀና አለች።

«ከባድ ጭነት ነው» አለችው። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እሺ» አለ።

ቀስ ብሎ ነዳ። ተሳቢው ሜዳውን ሙሉ እንደ ባዶ በርሜል ሲንኳኳ ሄደ።