ለወንድሜ የሰጠሁት ዘር

አቀንጭራ የሚሉትን አረም ቆላ እስክወርድ ድረስ በዓይኔ አላየሁትም። ደገኛ ነኝ። እኛ አገር አረም ማለት ከሰብሉ ጋር አብሮ የሚበቅል፣ ክረምት ሲገባ ተጎንብሰህ የምትነቅለው ነው። ሁለት ጊዜ ታርማለህ፤ ከዚያ ወዲያ እርሻውን ለእግዜር ትተዋለህ። ማሽላው ራስ ካወጣ በኋላ ገብቶ የሚርመሰመስ ሰው ቢገኝ እሸት ሌባ ተብሎ ይሰደባል። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። እኔም ይህንኑ ይዤ ነው መተማ የወረድሁት፣ በደርግ ጊዜ። ጽሕፈትም የቀመስሁት ያኔ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ቢጣመም አንባቢ ይታገሠኝ።

ገበሬ ማኅበሩ ከሸሕዲ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ መሬት ሰጠኝ። ግራርና ሽመል የሞላበት ጥቁር መሬት፣ በበጋ ሲሰነጠቅ እግር የሚያስገባ። አንድ ዛፍ ሳላስቀር መነጠርሁት፤ ጉቶውን አቃጥዬ ማሽላ ዘራሁበት። የመጀመሪያውን ዓመት አዝመራ ባወራው ውሸት ይመስላል። አገዳው ከቁመቴ በላይ ሄዶ፣ ራሱ ከብዶት ተደፍቶ፣ ጎተራው ጠበበኝ። ስለዚህ በሁለተኛውም ዓመት ማሽላ፣ በሦስተኛውም ማሽላ፣ በአራተኛውም ማሽላ። ሰሊጥ የሚዘራውን ሰው እንደ ሞኝ ነበር የማየው። ሰሊጥ የነጋዴ ነው፣ እንጀራ አይሆንም እል ነበር።

ከእኔ አጠገብ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እዚያው ቆላ የተወለዱ፣ ከጠረፉ ማዶ ካሉት ጋር ሲነግዱ የኖሩ፣ ጀላቢያ ለብሰው የሚውሉ፣ ዓረብኛ ጣል የሚያደርጉ ሰው ናቸው። እርሻቸውን ለሦስት ይከፍሉታል፤ አንዱ ላይ ማሽላ፣ አንዱ ላይ ሰሊጥ፣ አንዱ ጦሙን ያድራል። ጦሙን ያደረው ላይ በበጋ ፍየሎቻቸውን ያሳድራሉ፤ በረቱን በየሳምንቱ እየነቀሉ ወዲያና ወዲህ ያዛውሩታል።

«አያ፣ ፍየሎቹን አገር እያስጎበኟቸው ነው?» እላቸዋለሁ።

«ዝም በል፣ አንተ ሳሉግ» ይሉኛል፤ ሳሉግ የሚሉት ቆላውን የማያውቀውን፣ ለአጨዳ የሚወርደውን ደገኛ ነው። «ፍየሎቼ ካንተ ይበልጥ እርሻ ያውቃሉ።»

በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ማሽላዬ ዝናብ እየዘነበበት ይጠወልግ ጀመር። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ቅጠሉ ግን ውሃ እንደ ጠማው ተጠቅልሏል። ከሥሩ ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ነገር ወጥታለች። አበባዋ ያምራል፤ ለምን ሐሰት አወራለሁ። ቀን ባለፈ ቁጥር እየበዛች መጣች።

ሽማግሌው ሳልጠራቸው ገቡ። አንዱን ማሽላ ከነአፈሩ ቆፍረው አወጡና አፈሩን በጣታቸው አራግፈው አሳዩኝ። የአረሙ ሥር ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቋል፣ ጥጃ ጡት ላይ እንደሚጣበቀው።

«አቀንጭራ ነው። ይጠባዋል፤ አየህ? ፍሬ ሳይይዝ አሁኑኑ ነቅለህ አቃጥል። ለከርሞ እዚህ ሰሊጥ ዝራ። ከዚህ እርሻ ደግሞ ዘር አታውጣ። ፍሬው ትቢያ ነው፤ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ተኝቶ ማሽላ ሲያገኝ ይነሣል።»

«ራስ ያወጣ ማሽላ ውስጥ ገብቼ ልርመስመስ?»

«ታዲያ ይብላብህ?»

«አያ፣ እኔ በሬ ስከተል ያደግሁ ገበሬ ነኝ። ለእኔ ስለ ማረም አይነገረኝም።»

«ጠይብ» አሉ፣ እሺ እንደ ማለት ነው። ጀላቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

አልነቀልሁም። ያን ዓመት የገባልኝ እህል የመጀመሪያውን ዓመት ሩብ አይሆንም። ሰው ሲጠይቀኝ ዝናቡ ነው አልሁ።

በዚያው በጋ ታናሽ ወንድሜ ሚስቱን ይዞ መጣ። ደጋው ድርቅ ገብቶበት ነበር። ወንድሜ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት አብደራፊ እየወረደ የመንግሥት እርሻ ላይ ሰሊጥ አጭዷል። ድንኳን ውስጥ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ከርሞ ባዶ እጁን ነበር የሚመለሰው።

«አያ፣ ከእንግዲህ የሰው አዝመራ አላጭድም» አለኝ። «የራሴን መሬት አርሼ እበላለሁ። ያ ካልሆነ ሞቴን ልሙት።»

ገበሬ ማኅበሩ ከወንዙ ማዶ፣ ማንም ያልነካው መሬት ሰጠው። መዳፉ እስኪላጥ መነጠረው። የቀረው ዘር ብቻ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሰምተው «ከእኔ ጎተራ ውሰድ፣ ንጹሕ ነው» ብለው ላኩበት።

ደሜ ፈላ። እኛ አገር ጎጆ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ዘሩን የሚቀበለው ከታላቁ እጅ ነው። ታላቅየው በእፍኙ ይሰፍርለታል፣ ይመርቀዋል። ታላቅ እያለው ከባዕድ የተቀበለ እንደሆነ ወንድማማቾቹ ተጣልተዋል ተብሎ ይወራል።

«እኔ ሞቻለሁ?» አልሁት።

«ኧረ አያ፣ ምን ወጣኝ!»

ጆንያውን ፈታሁት። ማሽላው የተወቃው እዚያው አቀንጭራው በወረሰው እርሻዬ መካከል ባለው አውድማ ነው። የመጀመሪያውን እፍኝ ሰፍሬ ሳበቃ መዳፌ ላይ ብናኝ ቀረ፣ ቡናማ፣ የተወቀጠ ትምባሆ የመሰለ። አየሁት። ሽማግሌው ያሉኝ ወዲያው ትዝ አለኝ። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና መስፈሬን ቀጠልሁ።

የወንድሜ ሚስትም አይታ ኖሯል። «አያ፣ አቧራ በዝቶበታል። ወንዝ ወስጄ ለቅለቅ ላድርገው?» አለችኝ።

«የተመረቀ ዘር ይታጠባል? ምርቃቱን ከነውሃው ልትደፊው ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። እሷም እንደ መሳቅ አለች፤ ግን ጆንያውን ደግማ አየችው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሆነለት። ጎተራ ሠራ፣ ሰው ጠርቶ አበላ፣ እኔንም ከላይ አስቀመጠኝ። በሁለተኛው ዓመት አልፎ አልፎ ሐምራዊ አበባ ታየ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ማሽላ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ቤቴ መጣ።

«አያ፣ ይሄ ምንድር ነው? እርሻዬን ፈጀብኝ እኮ።»

በእጁ የያዘውን ማየት አላስፈለገኝም። ያኔ እኔ ራሴ ከእርሻዬ እኩሌታውን ትቼው ነበር።

«ዝናቡ ነው» አልሁት። «ዝናብ ሲዛባ እንዲህ ያደርጋል። ለከርሞ አጥብቀህ እረስና ድገምበት።»

«ሽማግሌው ሰሊጥ ዝራበት አሉኝ።»

«ሽማግሌውን ተዋቸው። ሚስትህን ሰሊጥ ልታቆረጥማት ነው?»

ለምን እንዲህ እንዳልሁት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሰሊጥ ዝራ ብዬ ብነግረው ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ ነገሩ ዘሩ ጋ ይደርሳል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አለኝ ብል እዋሻለሁ።

ወንድሜ ቃሌን ሰማ። አጥብቆ አረሰ፣ ማሽላ ደገመበት። በአራተኛው ዓመት ከወንዙ ወዲህ ቆሜ ሳይ ማሳው ሐምራዊ ነበር። አገዳው ከጉልበት አላለፈም፤ ራስ የሚባል አልያዘም። በጥቅምት በሬዎቹን እኔ ዘንድ አቆመና ማጭዱን ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አብደራፊ ሄደ። ሚስቱ እዚሁ ጎጆዋ ቀረች።

ሁለት ዓመት ጦሙን ያደረ መሬት ወደ ማኅበሩ ይመለሳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር። የወንድሜ መሬት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ስብሰባው ላይ ነበርሁ። «የሚቃወም አለ ወይ?» ሲባል አፌን አልከፈትሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሽማግሌው የሄድሁ። ምንም ሳልላቸው «ፍየሎቹን ነዋ የፈለግኸው» አሉኝ። አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። በጋውን መሬቱ በፍግ እንዲፋፋ ፍየሎቻቸውን እርሻዬ ላይ አሳደሩ። ሁለት ዓመት ሰሊጥ ዘራሁ። በሦስተኛው ማሽላ መለስሁና ራስ ሲያወጣ ተንበርክኬ እየገባሁ ብቅ ያለችውን ሁሉ ለቀምሁ። አላፊ አግዳሚው «አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?» ይለኝ ነበር። መሬቱ ቀስ በቀስ አገገመ። እንደ መጀመሪያው ግን አልሆነም፤ አይሆንምም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ወንድሜ ሚስቱን ሊያይ መጥቶ ሰነበተ። ሲመለስ መኪና እስከሚያገኝበት እስከ ሸሕዲ ልሸኘው አብሬው ወጣሁ። መንገዱ በቀድሞ መሬቱ ዳር ያልፋል። አዲሱ ባለመሬት ሰሊጥ ዘርቶበታል፤ ወገብ ደርሶ፣ ከታች እስከ ላይ ፍሬ ይዟል። ወንድሜ ቆሞ አየው። እዚያው ነገርሁት። ዘሩን፣ መዳፌ ላይ ያየሁትን፣ የጠረግሁትን ሁሉ።

«ስለ ዘሩ ሚስቴ ያኔውኑ ነግራኛለች» አለኝ። «አያ ሳያውቁ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ቢያውቁም ዘሩን አልቀየመውም ነበር፤ ሊመርቁኝ ነው የሰጡኝ። አሞኝ የሚኖረው ማሽላውን ነቅዬ ቤትዎ ድረስ የመጣሁ ዕለት ነው። ያን ዕለት ‹ሰሊጥ ዝራ› ቢሉኝ ዛሬ ይሄ ሰሊጥ የእኔ ነበር። ሁለት ቃል ነው እኮ፣ አያ።»

«የእኔን እኩሌታ ውሰድ» አልሁት። «አሁን ድኗል። በሬዎችህም አሉ።»

«አይሆንም። አንዴ ልቤ ወጥቷል። መሬት ሳይ አሁን የሚታየኝ ከታች አፈሩ ውስጥ የተኛው ነው።» ማጭዱን ከትከሻው ወደ ሌላ ትከሻው አዛወረ። «እንሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ።»

እስከ ሸሕዲ ስለ ሌላ ስለ ሌላ እያወራን ሄድን። መኪናው ላይ ከአጫጆቹ ጋር ተሳፈረ፣ እጁንም አወዛወዘልኝ።

እኩሌታውን ግን ከዚያ ወዲህ የእሱ ነው ብዬ ለይቼ አርሳለሁ። አንድ ዓመት ሰሊጥ፣ አንድ ዓመት ማሽላ፣ አንድ ዓመት ጦሙን። እህሉ ሲደርስ ሚስቱ አህያ ይዛ መጥታ ትጭናለች፤ ከመጫኗ በፊት እያንዳንዱን ጆንያ ፈትታ እጇን እስከ ክርኗ ታስገባለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። እሱ እስከ ዛሬ ያንን እኩሌታ አልረገጠውም።