አልገባ ያለው ማርሽ

ባለቤቴ ማርሽ መሳት የጀመረው አምና መስከረም ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደ እሱ መኪናዋን ነበር የማማው። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ስፖርት መኪና ናት። እዚህ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጦለት ሄደ። ባለቤቴ ያኔ የፋብሪካው ሹፌር ነበር። እኔ ከዚያች መኪና ጋር እንደ ጣውንት ነው የኖርኩት። ስትታጠብ፣ ስትወለወል፣ ዘይቷ ሲታይ አይቼ ስንቴ ደሜ ፈልቷል! እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስተኛ ግን «ዝንጅብል ጠጪበት» ብሎኝ ወደሷ ይወጣል።

መኪና ለማያውቅ ሰው ማርሽ መሳት ማለት እንዲህ ነው። ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ዘንጉን ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ይገፋል፣ ዘንጉ ግን ሳይገባ መሀል ላይ ይቀራል። ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፣ መኪናዋ ትለግማለች። አንዳንዴ ደግሞ ጥርስ ከጥርስ ይፋጭና ጭርርር ይላል፣ ሰውነት የሚወር ድምፅ ነው። እኔ መንዳት አልችልም፤ ጆሮዬ ግን ከእሱ ጎን ተቀምጦ ያረጀ ጆሮ ነው። ያንን ድምፅ ከእሱ እጅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ካምቢዮዋ አርጅቷል» አለ፣ የማርሽ ሳጥኗን ማለቱ ነው። ሜካኒክ ዘንድ ወሰዳት። ሜካኒኩ አንድ ዙር ነድቷት መጣና «ጋሼ፣ ምንም የላትም» አለው። ባለቤቴ ተቆጥቶ ሌላ ጋ ወሰዳት፤ እዚያም ያው ነው።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት በሸሚዝ ቁልፍ ነው። አንድ ጠዋት በግራ እጁ ብቻ ሲታገል አየሁት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አልነቀልኩበትም። ብርጭቆ ይለቃል። ሰው ሲጨብጥ ግራውን ደርቦ ነው። «እጅህ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ብርድ ነው።»

እዚህ ከተማ ደግሞ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ወገብ ቢይዝ ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ፣ ሰው ቢሞት እንኳ ብርድ መቶት ይባላል። ጓንት ገዛ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ስጨቀጭቀው «አንቺ ሂጂ፣ ምላስሽን ይዩልሽ» አለኝ። አፌን ዘጋሁ፣ ምን ላድርግ።

በዚህ መሀል የወንድሜ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ወንድሜ ጎረቤላ ቄስ ነው፤ ልጅቷ የመጀመሪያው ናት። ሙሽራው አሊዩ አምባ አስተማሪ ነው፣ ወላጆቹም እዚያው ናቸው። ከጎረቤላ አሊዩ አምባ ማለት ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላ መውረድ ነው፤ መንገዱ ገደል ገደሉን እየተጠማዘዘ ጆሮ እስኪደፈን ይወርዳል። በዘመዱም በጎረቤቱም ሙሽራ የምትሄደው በባለቤቴ መኪና ነው። ገንዘብ ቢሰጡት ይቀየማል። መሪውንም ለማንም አያስነካም። የወንድሜ ልጅማ ገና እንጭጭ ሳለች «ጋሼ፣ እኔንም በቀይዋ ትወስደኛለህ አይደል?» ትለው ነበር። ቃል ገብቶላታል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወጣን። ሜዳው ላይ ደህና ሄደ። ዳገት ስንጀምር ግን ሦስተኛውን ሳተው። መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከኋላችን ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ነበር፤ ሹፌሩ ወደ ግራ ጥሶ ባያልፈን ኖሮ ዛሬ ይህን የምታወራ ሴት አትኖርም። ባለቤቴ ጥሩምባውን የሚያህል ስድብ ለአይሱዙው ወረወረ። ከዚያ በግራ እጁ መሪውን ተሻግሮ ዘንጉን አስገባው። አየሁት። ማየቴንም አየ።

«ቁልቁለቱን ሌላ ሰው ይንዳት» አልኩት።

«ማን?»

«ከሚዜዎቹ አንዱ። መንጃ ፈቃድ አላቸው።»

«እኔ ስሞት!»

«እሱን ነው የፈራሁት። ልጅቷንም ይዘህ።»

ነዳጁን ረግጦ ወደ ጎረቤላ ቀጠለ።

ለወንድሜ ልነግረው አስቤ ነበር። ግን ባሌን አውቀዋለሁ። በሰው ፊት እጅህ ከድቶሃል ቢባል በእልህ ልጅቷን ጭኖ ይነጉዳል፤ እኔን መንገድ ላይ አቁሞ ነው የሚሄደው። አንዴ እልህ ከያዘው ወይ ፍንክች። ስለዚህ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጎኑ መቀመጥ። ያ ወንበር ደግሞ የአንደኛ ሚዜ ነው። በሙሽራ መኪና የፊት ወንበር ላይ አክስት ተቀምጣ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሙሽሮቹ በጭብጨባ ወጡና ቀሚሷ ተሰብስቦ የኋላው ወንበር ላይ ገቡ። ሚዜው ወደ ፊተኛው ወንበር ሲመጣ ቀድሜው ገባሁ።

«እትዬ፣ እዚህ እኔ ነኝ» አለ፣ ልጁ ጨዋ ነው።

«ሌላ መኪና አለልህ የኔ ልጅ።»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቁጭ ብዬ ስቀር ሳቁ ቆመ። ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ «እናቴ፣ ምስሉ ይበላሻል» አለኝ። የሙሽራዋ እናት ከንፈሯን ነከሰች። በመጨረሻ ወንድሜ መጣ። ጥምጣሙን አስተካክሎ ጎንበስ አለና በመስኮቱ በኩል «ምነው እህቴ፣ በልጄ ቀን ታዋርጂኛለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ባለቤቴ መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ ያያል። «እዚህ ካልተቀመጥኩ አሁኑኑ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ደጃችሁንም አልረግጥም» አልኩ። ወንድሜ ቀና አለ። «እንዲህ ያለች እህት እንዳለችኝ አላውቅም ነበር» ብሎኝ ሄደ። የተናገረው ቃል ይህ ነው። ልቤን ወጋኝ፣ ግን አልወረድኩም።

ተነሳን። ከፊት የቪዲዮው መኪና ነው፤ ልጁ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይቀርጸናል። ከኋላ አጃቢው ጥሩምባውን ይነፋል። መንገዱ ወደታች ሲደፋ በሦስተኛ ማርሽ ነበርን። የመጀመሪያው ኩርባ ሲቀርብ ባለቤቴ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ዘንጉን ወደ ሁለተኛ ሊስብ ሞከረ። እጁ ከዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ምንም ጥርስ ሳይይዝ ቀረ።

መኪናዋ የሚይዛት አጣች። ሞተሩ ዝም ብሎ እኛ ግን እንፈተለካለን። ፍሬን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ኩርባውን ጎማዋ እያጓራ ዞርነው። ከኋላ ሙሽራዋ ሳቀች፤ «ጋሼ ዛሬ ወጣት ሆኗል» አለች። የቪዲዮው ልጅ የምናሳየው ጉራ መስሎት አውራ ጣቱን አነሳልን። ባለቤቴ እንደገና ዘንጉን ነካ። ጭርርር አለ። የተቃጠለ ፍሬን መሽተት ጀመረ። ከግንባሩ ላብ ሲንቆረቆር አየሁ፤ እዚያ ብርድ ላይ ላብ።

ነጠላዬን በዘንጉ ላይ ጣል አደረግሁና እጄን ከሥሩ ሰደድኩ።

«ርገጥ» አልኩት በሹክሹክታ።

ዞሮ አየኝ።

«ርገጥ እልሃለሁ!»

ረገጠ። ዘንጉን ወደ እሱ ገፍቼ ወደ ኋላ ሳብኩት። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ሞተሩ አጓራና ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለተኛው ገባ።

ሁለተኛው የት እንዳለ አውቄ ነው የሳብኩት። ከመጋባታችን በፊት በፋብሪካው ፒክአፕ ወደ ደነባ መንገድ ይወስደኝ ነበር። ገላጣው ሜዳ ላይ እሱ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እኔ ማርሽ አስገባለሁ። ጨዋታ ነበር። እጄን ለመያዝ የፈጠረው ሰበብ ይመስለኛል፤ እኔም ማርሹ ሳይገባልኝ ሲቀር ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ስንት ዘመን አለፈው፣ እጄ ግን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ይነግረኛል። «ሦስት» ይላል፣ እገፋለሁ። «ሁለት» ይላል፣ እስባለሁ። ሙሽራዋ ከኋላ አንገቷን አስግጋ «እትዬ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለችኝ።

«ጋሼሽ እጄን ካልያዘ መንዳት አይሆንለትም» አልኳት።

ሙሽሮቹ ተሳሳቁ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ኩርባው እጥፍ የሚልበት ቦታ፣ አንድ የጭነት መኪና መሀል መንገዱን ይዞ እያቃሰተ ይወጣል። የቪዲዮው መኪና ሾልኮ አለፈ። ባለቤቴ ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑ ግሎ ስለነበር እግሩ ወደታች ሰመጠ። መኪናዋ ቀነሰች እንጂ አልቆመችም። በቀኛችን ገደል ነው፣ ግንብ የለው፣ ዛፍ የለው።

«አንድ» አለኝ።

ገፋሁ። አልገባም አለ። ሁለት እጄን አድርጌ ገፋሁ። ጥርሱ ተፋጨ። ከኋላ የሙሽሮቹ ሳቅ ቆመ። ሙሽራው ትከሻዬን ይዞ «እትዬ?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ልቀቂው» አለኝ ባለቤቴ። ድምፁ ድሮ ያስተምረኝ የነበረው ድምፅ ነው፣ ጭራሽ አልተጣደፈም። «ፎሌ ላይ አድርጊው። አሁን ነዳጅ ልስጥ። ጠብቂ። አሁን።»

ገፋሁ፣ ገባ። ሞተሩ ጮኸ፣ ደረቴ ወደፊት ተወረወረ፣ መኪናዋ እንደ ኤሊ ሆነች። የጭነቱ መኪና ጎን በእሱ መስኮት በኩል መስታወታችንን አጥፎ አለፈ። ሙሽራዋ ታለቅስ ነበር፤ እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።

አሊዩ አምባ ስንደርስ ከበሮው ተቀበለን። ወርጄ ወንበሩን አጥፌ ሙሽሮቹን አወጣሁ፤ ሕዝቡ ከቦ ወሰዳቸው። ልጅቷ ፊቷን ጠራርጋ መሳቅ ጀምራለች። ባለቤቴ አልወረደም። ሞተሩ እየሠራ እንደተቀመጠ ነው። ተመልሼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«አጥፊው» አለኝ።

ቁልፉ በቀኝ እጁ በኩል ነው። እጁ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ነው። ተንጠራርቼ አጠፋሁት።

«ንቀይና ያዥው።»

ነቀልኩት።

«ወደፊት ብጠይቅሽ አትስጪኝ» አለኝ። «ብቆጣም፣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

በዚያ ሠርግ የረባ ሰላምታ የሰጠኝ ሰው የለም። መኪናዋን ሚዜው ነድቶ መለሳት፤ እኛ በአጃቢው አውቶቡስ ከኋላ ተቀምጠን ሄድን። ወንድሜ እስከ ዛሬ ፊቱን ያዞርብኛል። ሙሽራው የነገረው ነገር ቢኖር አላውቅም፣ እኔ ግን አልነገርኩትም፣ ሆድ ይፍጀው። ባለቤቴ በሳምንቱ ራሱ ተነስቶ ሐኪም ቤት ሄደ። ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉን፤ መድኃኒት ጀመረ፣ እጁን በላስቲክ ኳስ ያሠራዋል።

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የቆለፍኩለት።

«አልነዳትም» አለኝ። «ግቢ ውስጥ ሞተሯን ብቻ ላስነሳት። ባትሪዋ እንዳይሞት።»

ቁልፉ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጥኩ። ያን ሰው ሲለምን አይቼው አላውቅም።

«አይሆንም» አልኩት።

ወደ ግቢው ተመለሰ። በመስኮቱ ሳየው በግራ እጁ መስታወቷን ይወለውል ነበር።