በሰርጌ ቀን የተከፈተው ባስ

ታናሽ ወንድሜ የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ባለው የወላጆቼ ግቢ ጥግ ላይ ግን ለራሱ የሚሠራው ነገር ነበረው፤ ለአሮጌ መኪናው ባስ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ማጉያ የሚገጠምበት የእንጨት ሳጥን።

መጀመሪያ የሠራው ዙሪያውን ድፍን ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም እሱን አላረካውም። ሁለተኛውን ሰፋ አድርጎ ሠራና ከፊት ለፊቱ ክብ ቀዳዳ አውጥቶ የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ሰካበት። ከማጉያው ጀርባ የሚገፋው አየር በቱቦው ሲወጣ ባሱን እንደሚያግዘው አስረዳኝ። ቱቦው ግን ጠባብ ስለነበር ያፏጫል። በወፍራም ቀየረው፣ ርዝመቱንም ጨመረ። ፉጨቱ ጠፋ። እጄን ቀዳዳው ፊት አስይዞኝ ነፋሱ መዳፌን ሲመታኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ሳቀ።

አባቴ አልወደደውም። ከደቡብ መጥቶ እዚህ ልጆች ያሳደገ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። መኪናዋ ስትገባ የሳሎኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ጸሎት ላይ ከደረሰች ደግሞ ይናደዳል። በመጨረሻ መኪናዋን ግቢ እንዳያስገባ ከለከለው። ወንድሜ አልተከራከረም፤ ውጭ አጥሩ ሥር ማቆም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። እናቴና እኔ የአንዱን ቃል ለሌላው እያደረስን ከረምን።

ሰርጌ ዕለት ድንኳኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ተተከለ። ከሙሽራው ጋር ገብተን ከመቀመጣችን መብራት ጠፋ። የድምፅ ዕቃ ያከራየን ሰውዬ ጄኔሬተሩን ደጋግሞ ቢሞክረውም አልነሳ አለው። መዘምራኑ ማጀቢያ ሙዚቃውን በስልክ ይዘው ነበር የመጡት፤ ማሰሚያ ግን የለም። እንግዳው እርስ በርሱ ይተያያል። እኔ ሙሽራ ነኝ፣ ተነስቼ ምን አደርጋለሁ? ቬሎው ውስጥ ላብ አጠመቀኝ። ወንድሜን አየሁት። ያሰበውን አውቄበታለሁ፤ ነገር ግን ከድንኳኑ በር ንቅንቅ አላለም።

አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ።

"መኪናህን አስገባት" አለው።

"እንግዳውን ይረብሻል አባዬ።"

"አስገባት አልኩህ። በሩን እኔ እከፍትልሃለሁ።"

የግቢውን በር ራሱ ከፈተ። ወንድሜ መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳ አስገባና የኋላ ዕቃ መጫኛዋን ወደ ድንኳኑ ከፈተው። የመዘምራኑን ስልክ ከመኪናዋ ጋር አገናኝቶ ማጀቢያውን ሲከፍተው ባሱ ሜዳ ላይ ተበትኖ ሳሳ። ወርዶ ትንሽ አዳመጠ፤ ከዚያ መኪናዋን አዙሮ የኋላዋን ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠጋው። አሁን ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ድንኳኑን ሞላው። መዘምራኑ ያለ ማይክ መኪናዋን ከበው ዘመሩ፤ አክስቶቼ እልልታውን አቀለጡት። አባቴ መዝሙሩ እስኪያልቅ ወንድሜ አጠገብ ቆሞ አጨበጨበ። አንዴ ብቻ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ሲነግረው አየሁ። ወንድሜም ድምፁን በጥቂቱ ቀነሰ።

ኬኩን ስንቆርስ መብራት መጣ። መኪናዋን አጥፋ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

አሁን የምኖረው ጀሞ ነው። እሁድ ጠዋት አባቴና ወንድሜ በመኪናዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገዳቸውን አዙረው ይወስዱኛል። አባቴ ከፊት ይቀመጣል፤ ይጨመር ይቀነስ እየተባባሉ እስክንደርስ ይጨቃጨቃሉ። ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ባሱ ጀርባዬን የሚመታውም እኔን ነው፤ አንዳቸውም ግን ጠይቆኝ አያውቅም።