ላም የሌለው ሰው አተላ

ባለፈው ሳምንት እናቴን ከሐኪም ቤት ስመልሳት ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ጎዳና አቋረጥን። ወደ ሃነቪኢም ጎዳና መታጠፊያው ላይ የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶ ጥቁር ውኃ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ይወርዳል። አንድ መነኩሴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጥግ ጥጉን ያልፋሉ። እናቴ ቆም አለችና ክንዴን ያዘች።

«እዚህም ጠላ ጠምቀው ይሆን?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳየው ግን ዋጥኩት።

እስራኤል በገባን በሁለተኛው ክረምት ነው፤ ያኔ ቃታሞኒም ሰፈር ከመንግሥት ቤቶች ባንዱ፣ ፎቅ ላይ ነበርን። ዝናቡ አያባራም፤ ግድግዳው ያልበዋል። እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተነገረን። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ዕብራይስጥ ስንማር አይቼ ወድጄው ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ለክብራቸው ጠላ ጠመቀች። ጌሾውን ከየት እንዳመጣችው እሷ ታውቃለች። በመጡበት ዕለት ጠዋት ስታጠልለው አተላው ተረፈ። በአገራችን አተላ የከብት ነው፤ የሚደፋ ነገር አይደለም። እዚህ ከብት ከየት ይምጣ? ግራ ቢገባት ሽንት ቤቱ ውስጥ ገለበጠችና ውኃ ለቀቀችበት። ወረደላት። ይህን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ውኃ ያለበትን አገር መርቃ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ «ለቁም ነገር መጥተናል» ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተደበደበ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ጫማዋ ርሶ በዕብራይስጥ ትጮኻለች። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ተደብቄአለሁ፤ ከቤቱ ቋንቋውን የምሰማው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

«ነይ ውጪ፣ ምንድን ነው የምትል?» አለኝ አባቴ።

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ወጣሁ። «የሽንት ቤት ቆሻሻ ቤቴን ሞላው፤ ገብስ አለበት ነው የምትል» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልትታጭ የተቀመጠች ልጅ በሽማግሌ ፊት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ አያ ታረቀኝ ጋቢያቸውን አወለቁ። «ላም የሌለው ሰው አተላውን የት ይድፋ?» ብለው ሱሪያቸውን ጠቀለሉና ከአባቴ ጋር ባልዲ ይዘው ወረዱ። ያን ዕለት የእኔን ነገር ማንም አላነሳም።

ኋላ ተመልሰው መጡ፤ ተሰጠሁ። ያ ልጅ የልጆቼ አባት ነው። ያኔ ሊጠርግ የመጣው ሠራተኛም ቱቦው ጠባብና አሮጌ እንደሆነ፣ እኛ ሳንመጣም በየክረምቱ ይዘጋ እንደነበር ነገረኝ። ለእናቴ ስነግራት «ለእኔ ብለሽ ነው» አለች። ለሠርጌ እንኳ ጠላ አልጠመቀችም። ዛሬም እጣቢ ስትደፋ «ይሄስ ይወርዳል?» ብላ ልጆቼን ታስፈቅዳለች። ያን ቀን በእሷ አፍሬ ነበር። አሁን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ከተማው የራሱን አሮጌ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ደብቆ እፍረቱን ለእናቴ አሸከማት።

ባለፈው ሳምንትም እዚያው ጎዳና ላይ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፍረውን ሠራተኛ ጠየቅሁት። የዛፍ ሥር ገብቶ ቱቦውን ሰንጥቆት ነው አለ። ለእናቴ ነገርኳት።

«አተላ የለበትም?»

«የለበትም፣ እማዬ።»

ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየች። «አንቺማ ሁልጊዜም ለእኔ ብለሽ ነው» አለችና፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ማንም ሳያያት ለማለፍ ፈጠን ፈጠን አለች።