ከማብቂያው የተጀመረው ጨዋታ

የጋለ አቧራ ሽታ ያስደነግጠኛል። በቀደም ልጄ አሮጌ ኮምፒውተር ተውሳ መጥታ ስትከፍተው ያ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ፊቱን ካየሁ ብዙ ዘመን የሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

አሰላ፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ከዲክሲስ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ተከራይቶ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ክፍል ገብቶ፣ ሲግል አቧራ አቧራ በሚሸተው አሮጌ ኮምፒውተሩ የድሮ ነገሥታት የሚዋጉበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታል። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ የማየው እነሱን ነበር። በዚያ ሰሞን ወንድሜ ስልኩ ሲጠራ ወደ አጥር ይሄዳል። ክረምቱ ገና ሳይገባ፣ ማንም ሳይለምነው፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ። ይሄ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ ብዬ ሰጋሁ። ተከራዩ የሆነ ነገር እየመከረው መስሎኝ ገብስ በሰፌድ ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኦቦሌቲ» አለኝ ተከራዩ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «ደህንነት ቀጥሮሽ ነው?»

«ገብስ እየለቀምኩ ነው።»

«ጠጠሩን እየተውሽ ገብሱን እየጣልሽ?»

ወንድሜ አልሳቀም። ጨዋታውን እንደ አዲስ ሊጀምር ዘመን እየመረጠ ነበር።

«ሰው ሁሉ ከጥንቱ ነው የሚጀምረው» አለው ተከራዩ። «አንተ ማብቂያው ላይ፣ ያውም አንድ ከተማ ብቻ የቀረችው አገር?»

«ረጅሙን አልጨርሰውም፣ ጊዜ የለኝም» አለ ወንድሜ።

ተከራዩ ቀና ብሎ አየው። «ምን ያስቸኩልሃል?» ሲለው ነው ተከራዩም ምንም እንደማያውቅ የገባኝ።

ስልኩ ጠራና ወንድሜ ወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጅቡቲ በኩል» ሲል ሰማሁት። የሰፈራችን ልጆች ወደ ሳውዲ የሚሄዱት በዚያ በረሃ ነበር፤ ሄዶ ወሬው የጠፋም ነበር። እስከ ዛሬ ስልክ ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው አላምንም፣ ልጄንም ጭምር።

ተከራዩን «ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚቆመው?» አልኩት። ሲጫኑት የሚያቆመውን፣ ደግመው ሲጫኑት የሚለቀውን ረጅም ቁልፍ አሳየኝ። ተጫንኩት፤ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው የጨዋታው ቀን ቆመ።

ወንድሜ ተመልሶ «ማን አቆመው?» አለ።

«እኔ። ይሄ ሳያልቅ አትሄድም።»

የት ብሎ አልጠየቀኝም። «እሺ፣ ሳያልቅ አልሄድም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ውስጥ ጦርነቱን ትቶ መንገድ ይሠራ ጀመር። ተከራዩ «ንጉሥ ሁን ብንልህ ማዘጋጃ ቤት ሆንክ እኮ» እያለ ያሾፍበታል። እኔ በየመሃሉ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ወንድሜ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እንደሚሄድ ለእናታችን ራሱ ነገራት። ለመነችው፤ ሐሳቡን አልቀየረም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጨዋታው መጨረሻው ላይ ደረሰ። ያቺ ከተማ አልወደቀችም። ወንድሜ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ የጨዋታው የመጨረሻ ቀን እኔ እንዳቆምኩት ነበር።

«በቃ ልቀቂው» አለኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ።

ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ውጭ ባጃጅ አለፈ፤ ተከራዩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ተጫንኩት።