ከኖራው ሥር የነበረው አባቴ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። መጠጥ ካቆምኩ ያኔ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። እስከ ዛሬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ያስቆመኝና «ጎበዝ! በርታ!» ይለኛል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ትሑት የሆንኩ ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም፣ እፍረት ነው። ያሳፈረኝን ነገር ደግሞ ለሰው ሳልናገር መኖር አልቻልኩም።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍና ሥዕል መሣል ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አሳ ቤት ወይ ጁስ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የምጠራው እኔ የነበርኩበት ጊዜ ነበር። «የእሱ አሳዎች ፈገግ ይላሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነት ነው፣ ፈገግ ይላሉ። ጠርሙስ ስሥል ደግሞ በጎኑ ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ አወርዳለሁ። ብርሃን ያረፈበት ያስመስለዋል። ሌሎች ሠዓሊዎች ሊኮርጁኝ ሞክረው አልሆነላቸውም። በዚህች መስመር ስኩራራ አይጣል ነበር።

ከዚያ መጠጡ መጣ። በቢራ ጀምሬ በአረቄ ጨረስኩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልጽፍም፤ ግማሹን አላስታውሰውም፣ የቀረውንም ባላስታውሰው ደስ ይለኛል።

መጠጡ ሳይብስብኝ በፊት ግን አንድ ደህና ሥራ ሠርቼ ነበር። አባታችን ሲሞት ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በዘይት ቀለም ሣልኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወንጌል ሲያገለግል የኖረ፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ አቅፎ እንደቆመ አድርጌ ሣልኩት። እናቴ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ነው የሣለው» ትላለች። በዚያ ቤት ከእናቴ ጋር የምንኖረው እኔና ታላቅ እህቴ አማረች ነበርን። አማረች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት።

ከስድስት ዓመት በፊት እናቴ ለልቅሶ ጨንቻ ወጥታ ሦስት ቀን ቆየች። እኔ እነዚያን ቀናት ስጠጣ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከክፍሌ ወጥቼ ሳሎን ስገባ አባቴ የለም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ኖራ ተቀብቷል። አማረች በረንዳ ላይ ባልዲ እያጠበች ነበር።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ቀባሁት።»

«ለምን?»

«ቀባሁት አልኩህ እኮ።» ባልዲውን ማጠቧን ቀጠለች።

እናቴ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደረሰች። በር ላይ ጠብቄ የነገርኳት እኔ ነኝ። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ «አባባን አጠፋችው» አልኳት። እናቴ ግድግዳውን አየች፣ አማረችን አየች፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። አማረች አሁንም ዝም አለች። ዝም ማለቷን ድፍረት አድርጌ ቆጠርኩባት።

በሳምንቱ ቤቱን ለቅቄ ሲቀላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አላናገርኳትም። ሚኒባስ ውስጥ ከተገናኘን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። አብረውኝ የሚጠጡት ሰዎች «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትጠጣው?» ሲሉኝ መልሴ ዝግጁ ነበር፤ «እህቴ የገዛ አባቴን ከግድግዳ ላይ ያጠፋችብኝ ሰው ነኝ» እላለሁ። በዚህች ወሬ ስንት ብርጭቆ እንደተጋበዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣም ይህንኑ እያነሳሁ ቁስሏን እነካካለሁ። እሷ ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ እንጂ አማረችን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንኳ አላልኳትም።

መጠጥ ያስተወኝ የሙዝ ዘለላ ነው። አንዲት የጁስ ቤት ባለቤት ግድግዳዋ ላይ ሙዝ እንድሥል ጠራችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የሣልኩትን ሙዝ ዝንጀሮ እንኳ አይቀበለውም ነበር። ሴትዮዋ አመስግና ሸኘችኝ። በማግስቱ ሳልፍ ግን ሌላ ሠዓሊ ወንበር ላይ ቆሞ በእኔ ሙዝ ላይ እየሣለበት አየሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ከዚያ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ለሦስት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቁርስ አብሮኝ በላ። ምክር አያበዛም። ይበላል፣ ይጸልይልኛል፣ ይሄዳል። እጄ ቀስ በቀስ ረጋ። በስምንተኛው ወር አንድ ፀጉር ቤት በር ላይ ሹሩባ የተሠራች ሴት ሣልኩና ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት። ቆንጆ ነበረች። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ለዓመታት ረስቼው የነበረ ቀለም ሁሉ ተመልሶ መጣልኝ። የጫሞ ሐይቅ ውሃ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት መልክ እንደሌለው እንኳ እንደ አዲስ ነው ያየሁት።

ሰው ሲሻለው ደግሞ ይታበያል። በእኛ በጋሞ መስቀል ሳይገባ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ በዓል መብላት ነውር ነው። አማረች ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች ብዬ አምስት መስቀል ጠበቅኩ። ባለፈው ዓመት ግን «በቃ፣ እኔ ልብለጣት» አልኩ። ይቅር እላታለሁ፣ አባባንም ከኖራው ሥር አወጣላታለሁ። ቀለሜን፣ ብሩሼንና መፋቂያዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሴቻ እስክደርስ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

አማረች በሩን ከፍታ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከስታለች። «ማቴ፣ ፊትህ መለሰ እኮ!» አለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። ቆጮ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ የተለማመድኩትን ለቀቅኩት።

«እቴ፣ ያደረግሽውን ይቅር ብዬሻለሁ። ቂም ይዤ መስቀል አልገባም። አባባንም ዛሬ መልሼ አወጣዋለሁ።»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

መፋቂያውን ሳወጣ ግን ብድግ አለች። «እሱን ተወው ማቴ። በዚያኛው ግድግዳ ሣልልኝ፣ አዲስ አድርገህ።»

«ኖራ እኮ የዘይት ቀለም ላይ በደንብ አይዝም። ውሃ ሲነካው ይለቃል። አባባ ከሥሩ ደህና ነው።»

«ተወው አልኩህ፣ በእማዬ!» ክንዴን ያዘችኝ።

«ያጠፋሽውን ማየት ፈራሽ እንዴ?» አልኳት።

እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠች።

ከላይ ጀመርኩ። ፀጉሩ ወጣ፣ ግንባሩ ወጣ። ደስ አለኝ፣ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀምሬ ነበር። ዓይኑ ጋ ስደርስ ቀይ ቀለም አየሁ። እኔ የአባቴን ዓይን ስሥል ቀይ አልተጠቀምኩም። ስፍቀው ሁለቱም ዓይኖቹ በቀይ ተለቅልቀዋል፣ ቆባቸው እንደ ሰካራም ዓይን ወርዷል። ወደ ደረቱ ወረድኩ። መጽሐፍ ቅዱሱ የለም። አባቴ አቅፎ የቆመው የአረቄ ጠርሙስ ነው። በጠርሙሱ ጎን ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዳለች።

ያችን መስመር ከእኔ በቀር የሚያወርዳት ሰው አርባ ምንጭ ውስጥ የለም።

መቼ እንደሣልኩት አላስታውስም። ዛሬም ቢሆን ትንሽ ነገር እንኳ ትዝ አይለኝም። ግን የእጄን ሥራ አላጣውም። ዞሬ እህቴን ማየት አቃተኝ።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያገኘሁት» አለች ከኋላዬ። «አንተ እዚሁ ወለሉ ላይ ብሩሽህን ይዘህ ተኝተሃል። ጎትቼ ክፍልህ አስገባሁህ። እማዬ በማግስቱ ትመጣለች። ምን ላድርግ? ይህን ብታይ ትሞትብኝ ነበር።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትነቃ አለቀስክ። ምንም እንደማታውቅ ገባኝ። ብነግርህ ራስህ ላይ አንድ ነገር የምታደርግ መሰለኝ፣ ፈራሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያምነኝ ነበር?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ኖራ በጥብጠን ግድግዳውን መልሰን ቀባነው። እግሯ ላይ ወድቄ ነበር፤ አነሳችኝ። «አለፈ» አለችኝ። እኔም ያለፈ መሰለኝ።

የመስቀል ዕለት ዘመድ ሁሉ እዚያው ቤት ተሰበሰበ። የእናታችን እህት ከጨንቻ ወርዳ ነበር። ሥጋው እየተበላ ሳለ አክስቴ ነጩን ግድግዳ አየችና በሰው ሁሉ ፊት «አማረች፣ የወንድምሽ እጅ ድኗል አይደል? አባትሽን እንዳይሥል ዛሬም ትከለክይዋለሽ?» አለች።

አማረች እኔን አላየችኝም። ዳጣውን ወደ አክስቴ አስጠጋችና «ጊዜ ሲያገኝ ይሥለዋል» አለች።

አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር። አላምጬ ዋጥኩት። ምንም አልተናገርኩም። ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

ግድግዳው ላይ ያደረግኩትን አረቄ ነው ያስደረገኝ ማለት እችላለሁ። በማዕዱ ላይ ዝም ያልኩት ግን ውሃ እየጠጣሁ ነው። የፈራሁት «ጎበዝ» የሚለኝን ሰው ማጣት ነበር። እህቴ አምስት ዓመት የተሸከመችውን እኔ ለአንድ ማዕድ እንኳ መሸከም አቃተኝ።

ሁለት ቀን ስብከነከን ቆየሁ። አክስቴ ወደ ጨንቻ ልትመለስ ስትል ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩና አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። አልሰደበችኝም። ጉንጯን በእጇ ያዘች።

«እናትህ ልታርፍ ስትል አጠገቧ ነበርኩ» አለችኝ። «አማረችን ጠራቻት። ከስንት ዓመት በኋላ ‹ልጄ› ብላ የጠራቻት ያኔ ነው። ‹ልጄ፣ አባትሽን ማጥፋትሽን ይቅር ብዬሻለሁ› አለቻት።»

«አማረችስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ተንበርክካ እጇን ሳመች። ‹አሜን› አለች።»

ከዚያ በኋላ ለዘመዶቻችን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ እውነቱን ተናግሬያለሁ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፣ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጡኝም፤ አልፈርድባቸውም። አማረች «ምን አስለፈለፈህ?» ብላ ተቆጣችኝ። አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ምሳ እንበላለን። አባባንም በሌላኛው ግድግዳ ላይ ሣልኩት። ሰው ከበፊቱ ይበልጣል ይላል። እኔም ይበልጣል እላለሁ፤ እጄ ተመልሶልኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እማዬ ግን አልሰማችም። ለእሷ የምነግርበት ቤት የለኝም።

አንድ እሁድ አማረች ሳህን ስታጥብ ጓዳ ገብቼ «ለምን አሜን አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ደክሟት ነበር ማቴ» አለችኝ ዞር ሳትል። «ክርክር የሚነሳበት ሰዓት ነበር?»

ሳህኑን ተቀብያት አደረቅኩት። ያ ይቅርታ የእኔ ነበር። ተንበርክኬ አሜን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ እሷ በእኔ ፈንታ አሜን አለች።