የደምሴ የመጨረሻ ካርታ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው እርሳስ መቅረጽ ነው። እሑድ ጠዋት ኮልፌ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ለመስክ የሚይዛቸውን ቀረጽን። እኔ አብዝቼ አሾላለሁ። «በአንቺ እርሳስ ሰው ይወጉበታል እንጂ ካርታ አይሠሩበትም» ብሎ ሳቀብኝ። ሰኞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወረደ። ትኩሳት ይዞት ተመለሰ፤ ሳምንት ሳይቆይ ዐረፈ።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። በመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ካርታ ሣይ ሆኜ በተቀጠርሁበት ቀን፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ባለው ጠረጴዛ አስቀምጠው የደምሴን ረቂቅ በቀለም እንዳወጣ ሰጡኝ። የመሬት ስንጥቆች ካርታ ነው፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ የትኛው ቦታ እንደሚያሰጋ የሚታወቅበት። አንዳንዱ መስመር ተቆራርጧል። እርሳሱ የዘለለ መስሎኝ ሁሉንም ቀጠልሁት።

ደምሴ አየና አልተቆጣም። ሙሉው መስመር በእግሩ ሄዶ ያረጋገጠው፣ የተቆራረጠው ደግሞ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የገመተው እንደሆነ አስረዳኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ ትርፉን ቀለም በምላጭ አብሮኝ ፋቀ።

ከጋብቻችንም በኋላ ከመስክ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ማስታወሻ ደብተሩን ይሰጠኝ ነበር። ያን ጽሕፈት ከእኔ በቀር በቀላሉ የሚያነበው አልነበረም።

ሐዘን ተቀምጬ ስመለስ የመጨረሻው ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ክሊኒክ ሊሠራበት በታሰበ ሜዳ አጠገብ አንድ ስንጥቅ ተቆራርጦ ቀርቷል። ሊሄድበት ሲል ነው ያመመው። እኔ ሙሉ አድርጌ አወጣሁት። የማደርገውን አውቅ ነበር።

የክፍላችን ሹም አቶ መኮንን ከደብተሩ ጋር አመሳከሩት።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ደምሴ እዚህ ደርሶ ነበር?»

«አልደረሰም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ሥራውን ሳይጨርስ ቀረ እንዳይባል ብዬ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ክሊኒኩን የሚሠሩት ይህን አምነው ነው። ያላየውን አየሁ አታሰኚው» አሉኝ።

ፋቅሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ካርታው መስመሩ እንደተቆራረጠ፣ የደምሴ ስም ከግርጌው ተጽፎ ታተመ። ግንባታውም ቦታው በእግር እስኪታይ እንዲቆይ ተደረገ። በበጋው ሌላ ባለሙያ ወርዶ ስንጥቁን ተከተለው። ደምሴ በገመተው በኩል አልነበረም፤ ታጥፎ በሜዳው መሀል ያልፋል። ክሊኒኩ ሌላ ቦታ ተሠራ።

ሰው ባልረገጠው ቦታ ላይ ሙሉ መስመር አይሰመርም።

አሁን የዚያን ባለሙያ ረቂቆች በቀለም አወጣለሁ።